ከመርከብ መልስ፦ እንግዶቼን በ8 ሰዓት ውስጥ የአዲስ አበባን የጦርነት ዘመን ቦታዎች እንዴት ላዙራቸው?

የሰባ ደረጃ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም የቤቱ ልጆች። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ።

መስከረም ላይ አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጡረታ ወጣሁ ብላ ደስታዋን ለብቻዋ መብላት አልሆነላትምና እኔንም ክሩዝ ላይ አሳፈረችኝ። ከሎስ አንጀለስ ተነስተን ሆኖሉሉ፣ ዮኮሃማ፣ ናጋሳኪ፣ ቡሳን፣ መጨረሻው ኢንቾን። ከዚያ እሷ ወደ ቤቷ፣ እኔ በአየር መንገዳችን ወደ ቦሌ። ሦስት ሳምንት ከምናምን ነው። ስለ ባሕሩ አላወራም፣ ውሃ ነው። የማወራው ስለወረድንባቸው ቦታዎች ነው፤ ምክንያቱም እህቴ ከሽርሽሩ ይልቅ ጦርነት የነበረበትን ሁሉ ካላየሁ የምትል ሰው ናት።

ሆኖሉሉ ያለው የጦር ወደብ፣ ፐርል ሃርበር፣ ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፓስፖርቴን ብብቴ ሥር ወትፌ ገባሁ። የባሕር ኃይሉ ጀልባ ያሻግራል። አሪዞና የተባለችው የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ስትመታ 1,177 ሰው አልቆባታል፤ ከ900 የሚበልጡት ዛሬም እዚያው ሆዷ ውስጥ ናቸው። በላይዋ ነጭ አዳራሽ እንደ ድልድይ ተጋድሟል። አጎንብሼ ሳይ ዘይት ከሥር ጠብ ይላል። መጀመሪያ የአዝራር ያህል ክብ፣ ከዚያ ቀስተ ደመና መስሎ ይዘረጋል። ከ80 ዓመት በኋላ! አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «ሸተተሽ?» አሉኝ። ይሸታል፣ እንደ ጋራዥ።

ናጋሳኪ በራሳችን በትራም ሄድን፤ የመርከቡ አስጎብኚዎች የጠየቁትን ዋጋ እህቴ አይታ «ቦምቡን ሊያሳዩን ነው እንዴ?» ስላለች። የአቶሚክ ቦምቡ የወደቀው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1945፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከረፋዱ 5፡02 ነው። ትልቁን የሰላም ሐውልት ሁሉም ያውቀዋል። እኔን ያስቆመኝ ግን ኮረብታ ላይ ያለ የመቅደስ በር ነው። ሁለት የድንጋይ እግር ነበረው፤ አንዱን ፍንዳታው ወሰደው፣ በአንዱ ብቻ እስካሁን ቆሟል። ሥሩ ሰዎች ልብስ አስጥተው ያልፋሉ፣ ሰፈር ነው።

ቡሳን ሌላ ነገር ነው። አያቴ ቃኘው ነበር፣ ኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ። በ1943 ሚያዝያ ላይ ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ጄኔራል ማክሬ በተባለች የአሜሪካ መርከብ ሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዘው ቡሳን ወረዱ። እሱ በሰላም ተመልሶ ልጅ ወልዶ ኖረ፤ ግን አንዲት አረፍተ ነገር ነበረችው፦ «ጓደኛዬን እዚያ ጥዬው መጣሁ።» ከዚያ ወዲያ አይናገርም። ስለዚህ እናቴ ስሸኝ «ኮሪያ ከደረስሽ የአባዬን ጓደኛ መቃብር ፈልጊልኝ» ብላ ስሙን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። (ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ቤተሰብ ሊኖረው ይችላል።)

ቡሳን ያለው በዓለም ብቸኛው የተባበሩት መንግሥታት የመቃብር ስፍራ ነው። ከ2,300 በላይ ሰው ተቀብሮበታል፤ የሚበዙት እንግሊዞች፣ ቀጥሎ ቱርኮች። ባንዲራችን ከሌሎቹ ጋር ይውለበለባል። መቃብሮቹን በየረድፉ ዞርኩ፣ አንድም የኛ ሰው የለም። ጥቁር እብነ በረድ ግድግዳ ላይ በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ 40,896 ሰዎች ስም ተቀርጿል። እዚያ ላይ የኛዎቹም አሉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እናቴ የጻፈችልኝን ስም የሚመስሉ ሦስት አገኘሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት ወረቀቴን አይታ ነው የነገረችኝ፦ የኢትዮጵያውያኑ አስከሬን በሙሉ ወደ አገሩ ተመልሷል፣ እዚህ አንድም የለም።

ወደ አገሬ ለመመለስ ይኼን ሁሉ ባሕር አቋርጬ መጣሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እህቴ ለገና ትመጣለች። መርከቡ ላይ ማዕድ የተጋራናቸው ባልና ሚስትም አብረዋት ናቸው፤ ባልየው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። መርከቡ በየወደቡ 8 ሰዓት ያህል ይሰጠን ስለነበር «አንቺም በከተማሽ 8 ሰዓት ስጪን» ብለውኛል። ከመሃል ከተማ ሳይወጡ የጦርነት ዘመን ቦታዎችን ማየት ይፈልጋሉ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ጀምራችሁ የት ትጨርሳላችሁ?

——

ፎቶ የታለ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡21

ፎቶ የታለ?

——

አስጎብኚው
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

እንጀራዬ ነውና ልሞክር። ከለገሃር ጀምሪ፤ አያትሽ የተሳፈሩበት ጣቢያ ነው። በቸርችል ወደ ላይ፣ ፒያሳ የዓድዋ መታሰቢያ፣ ቀጥሎ ጊዮርጊስና የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት። ለእንግዶችሽ አቡኑ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በፋሺስቶች ጥይት መረሸናቸውን ንገሪያቸው። ሐውልቱ ራሱ ተነቅሎ እንደነበርም አትርሺ፤ የባቡሩ ዋሻ ሲቆፈር በ2005 ተነስቶ ከዓመታት በኋላ ነው የተመለሰው። ፈረንጆች እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳሉ፣ ሐውልት ስደት ወጥቶ ሲመለስ።

ከዚያ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሡ የተመለሱትም በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ቀን። ቀኗ ሆን ተብላ የተመረጠች ናት። ሥላሴ ግቢ ደግሞ አርበኞቹ አሉ፣ ንጉሡና እቴጌይቱ አሉ፣ ስለኛ ስትጮህ የኖረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስትም እዚያው ናት። መጨረሻ ስድስት ኪሎ።

ማሳሰቢያ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ቤተ መንግሥትና ፓርላማ ቅርብ ነው፣ ጥበቃ ሲቆጣ ጉብኝቱ ይበላሻል።

——

ሒሳብ ሹም
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ይቅርታ ግን… ስንት ወጣ?

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

ትኬቱን እህቴ ስለቆረጠች ደፍሬ አልጠየቅኋትም። እኔ ያወጣሁትን ልንገርህ፦ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የኮሪያ ቪዛ ለየብቻ። ከሁሉም ያደከመኝ እሱ ነው። መርከቡ ላይ ምግብ ነጻ ነው፤ ኢንተርኔትና የታሸገ ውሃ ግን በገንዘብ፣ ለሠራተኞች ጉርሻ ደግሞ ሳይጠይቁሽ በየቀኑ ሒሳብሽ ላይ ይደምሩታል። እህቴ ጉርሻውን ስታይ «ቢያንስ አጉርሱን» አለች።

——

ጡረተኛው ባሕረኛ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የንግድ መርከብ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ «ባሕሩ ውሃ ነው» ያልሽውን ግን በፍቅር አልፌዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንቺ የተሳፈርሽበት መርከብ ከሆዱ ግራና ቀኝ ክንፍ አለው፤ ማዕበል ሲመጣ እንዳይንገላታ የሚይዘው እሱ ነው። አያትሽ የሄዱበት ግን የወታደር ማጓጓዣ ነው። አልጋው ሸራ ነው፣ በብረት ተወጥሮ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ የላይኛው ሲታመም የታችኛው ይቀበላል፣ ይቅርታ አድርጊልኝና። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሦስት ሳምንት! ወርዶ ለመዋጋት ቀርቶ ለመቆምም ቀናት ይፈልጋል።

ዮኮሃማ ላይ ያማሺታ መናፈሻ ዳር የታሰረችውን ሂካዋ ማሩን አይተሻት ይሆን? የተሳፋሪ መርከብ ነበረች፣ በጦርነቱ ጊዜ የሆስፒታል መርከብ ሆነች፣ ከዚያ እሳት በሕይወት ተረፈች። እኔ ዮኮሃማ በገባሁ ቁጥር እሷን ሳልሳለም አልወጣም ነበር።

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡05

ጋሼ፣ አየኋት! ውስጧም ገብቻለሁ። ደረጃዋ ላይ ያለው እንጨት እንደ መስታወት ይወለወላል። ውሃ ነው ላልኩት ይቅርታ፣ ከሆኖሉሉ ዮኮሃማ ስምንት ቀን ሌላ ምንም ስላላየሁ ነው። በዚያ መሃል ደግሞ አንድ ቀን ጠፋብን። ማክሰኞ ተኝተን ሐሙስ ነቃን፣ የቀን መስመር የሚሉት። እኔ ስደናገጥ እኒያ ባለምርኩዙ «እናንተ ሰባት ዓመት ጠፍቶባችሁ ዝም ብላችሁ ትኖሩ የለ እንዴ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተግባባን።

——

የግቢ ተማሪ ነበርኩ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ስድስት ኪሎን መጨረሻ ማድረግ ስህተት ነው። እዚያ የሚታየው ብዙ ነው፣ ሰውዬው ደግሞ እስከዚያ ይደክማሉ።

የካቲት 12 ሐውልትን ከሩቅ አይታችሁ አትለፉ። ዙሪያውን የተቀረጹት ምስሎች ናቸው ታሪኩ፤ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው የሠሯቸው። በ1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የሆነው ነገር እዚያ ድንጋዩ ላይ አለ። ኢትዮጵያ ለዓለም ያሳወቀችው የሟች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ቦምቡ የተጣለው ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። አሁን ውስጡ ሙዚየም አለ፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር።

ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ናቸው የገነቡት፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየጨመሩ። ሲባረሩ እኛ ምን አደረግን? አላፈረስነውም። ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ አንበሳ አስቀመጥንበት። አራት ዓመት በዚያ ሥር ሳልፍ ተማሪ ሳንድዊች ይበላበት ነበር እንጂ አንድም ሰው ይኼን አልነገረኝም። ለምርኩዝ አይሆንም፣ ከሥር ሆነው ይዩት።

——

ቸርችል ዳር
ረቡዕ፣ ቀን 7፡45

ከለገሃር ወደ ላይ ስትወጡ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት አስጎብኚው ዘሎታል። በ1977 ደርግ ያቆመው፣ ጫፉ ላይ ኮከብ ያለበት ረጅሙ። ለሶማሊያ ጦርነት ነው፣ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች ይታሰቡበታል።

ልጅቷ የቃኘው የልጅ ልጅ ስለሆነች ይኼን ትስማ፦ ሐውልቱን የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። አያቷ በ1943 የተዋጓቸው ሰዎች አገር በሠላሳ ምናምን ዓመቱ ቀራጭ ልኮ ሐውልት አቆመልን። ከዚህ በላይ ምን አስቂኝ ነገር አለ?

——

አስጎብኚው
ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

አልዘለልኩትም፣ ሰዓት ስለማይበቃ ነው። ግን ጥሩ ነጥብ ነው፣ በመኪና ሲያልፉ ከመስኮት ይበቃል።

——

እናት ነኝ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

እኔ ልጠይቅ፣ አትቀየሙኝ። ጦርነት አይበቃንም ወይ? ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን የምናውቀው ሰዎች አለን። ክሩዝ ላይ አይስ ክሬም እየላሱ ወርዶ የሞተ ሰው ማየት፣ ፎቶ ተነስቶ ለእራት መመለስ… እኔ አልገባኝም። እንግዶችሽን እንጦጦ ውሰጃቸው፣ አየር ይቀበሉ።

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

እትዬ፣ አልቀየምም። እኔም መርከቡ ላይ ይኼን አስቤዋለሁ። ከአሪዞና ስንመለስ ማታ ሙዚቃና ጭፈራ ነበር፣ ደስ አላለኝም፤ ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ። ፐርል ሃርበር ላይ ግን ከሐውልቱ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚነሱ እንዳሉ ሁሉ ግድግዳው ላይ የአባታቸውን ስም ፈልገው ዝም ብለው የሚቆሙ አሉ። ሁለቱም በአንድ ጀልባ ነው የሚመለሱት። ከየትኛው እንደሆንኩ እኔም ገና አልለየሁም። እንጦጦንም እጨምራለሁ፣ ባይሆን በማግስቱ።

——

ፒያሳ በእግር
ረቡዕ፣ ማታ 3፡20

አስጎብኚው መንገድህ ዳገት ብቻ ነው ወንድሜ! ምርኩዝ ያለው ሰው ከለገሃር ወደ ስድስት ኪሎ? ገልብጠው። ጠዋት በመኪና ስድስት ኪሎ ውጡ፣ ከዚያ ወደ አፍንጮ በር። እዚያ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፣ ማንም አልጠቀሰውም እኮ! ከዚያ ፒያሳ፣ ምሳ፣ ከሰዓት አራት ኪሎና ሥላሴ፣ መውጫ ላይ ለገሃር። ቁልቁለቱ ይጠቅማችኋል። ፒያሳ ምሳ ከ6 ሰዓት በፊት ካልገባችሁ ወንበር አታገኙም።

——

አስጎብኚው
ረቡዕ፣ ማታ 3፡34

እሺ ተሸነፍኩ። አፍንጮ በርን መርሳቴ ነውር ነው።

——

የቃኘው ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

እህቴ፣ ሌሊቱን ሳስብሽ ነው ያደርኩት። እኔም አባቴ ከቃኘው ነው፣ በሁለተኛው ዙር የሄደ። ስለዚህ ሁለት ነገር ልበልሽ።

አንደኛ፣ ሴትየዋ የነገረችሽ እውነት ነው። ከቃኘው 121 ሞቱ፣ 536 ቆሰሉ፣ የተማረከ አንድም የለም። የሞቱትም እዚያ አልቀሩም፣ አገራቸው ገብተው ሥላሴ ነው ያረፉት። ቡሳን ላይ መቃብር ያጣሽው ለዚህ ነው። አንቺ ከሰባ ደረጃ በእግርሽ የምትደርሺበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። አያትሽ «እዚያ ጥዬው መጣሁ» ሲሉ አስከሬኑ አገሩ መግባቱን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። አባቴም ስለ ጓደኛው እንዲሁ ይል ነበር፤ በዓመት አንድ ቀን ግን ካፖርቱን ለብሶ ሥላሴ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ተከትየው አይቻለሁ። ትቶት የመጣው ሬሳውን አይደለም፣ ኮረብታው ላይ የቆየውን ሌሊት ነው መሰለኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው የነገረኝ፣ በበረዶ ላይ እየተሳበ ሲጎትተው ቦት ጫማው በእጁ ቀረ።

ስም መፈለግ ከሆነ ከአፍንጮ በር ጀምሪ። የወደቁት ስም እዚያ አለ።

——

ጡረተኛው ባሕረኛ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡45

እግዜር ይስጥህ ልጄ።

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00

ምን እንደምል አላውቅም። ለእናቴ አነበብኩላት። «ካፖርት አባዬም ነበረው» አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
(ከአምስት ሳምንት በኋላ) እሑድ፣ ማታ 1፡30

ሄድን። ቃል ስለገባሁ ልዘግብ።

የፒያሳ በእግርን መንገድ ነው የያዝነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስድስት ኪሎ ነበርን። ባለምርኩዙ ሰውዬ የካቲት 12 ሐውልትን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ሚስታቸው «ፒተር ይበቃል» ስትላቸው (ስማቸው ፒተር አይደለም) በምርኩዛቸው ወደ አንዱ ምስል እየጠቆሙ «ይህቺ ሴት ልጇን የያዘችበት እጅ ላይ ጣቶቿን እይ» አሏት። እኔ በዚያ በር በየቀኑ በታክሲ አልፋለሁ፣ ጣቶቿን አይቼ አላውቅም።

ደረጃውን ወደዱት፤ አንበሳዋን ሲያዩ ጮክ ብለው ሳቁ። የግቢ ተማሪ ነበርኩ፣ አሁንም ሳንድዊች የሚበሉ ተማሪዎች አሉበት።

እናቴ ከኛ ጋር ነበረች። አትመጪም ስንላት ነጠላዋን ለብሳ መኪናው ውስጥ ቀድማ ተገኘች። አፍንጮ በር ላይ ከቡሳን ያመጣኋቸውን ሦስት ስሞች ይዤ ነበር፤ አላስፈለገኝም። እናቴ ራሷ አገኘችው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ጣቷን እያስኬደች፣ ቆመች። የአባቱ ስም ቡሳን ላይ የተጻፈበት ፊደል ተዛብቶ ነው እንጂ ሁለተኛው ነበር።

ፒያሳ ምሳ ዘግይተን ገባን፣ ወንበር አላገኘንም፣ ማስጠንቀቂያችሁ ልክ ነበር። የዓድዋ መታሰቢያው ሰፊ ነው፤ ለምርኩዝ ሊፍት አለው፣ ግን ሰዓታችንን በላው። ስለዚህ ለገሃር ቀረ። የትግላችን ሐውልትንም በማግስቱ ነው ከመስኮት ያየነው፤ የሰሜን ኮሪያን ነገር ስነግራቸው ሰውዬው ሾፌሩን አቁም አሉት፣ መቆም ክልክል ስለነበር አለፍን።

ሥላሴ የደረስነው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እናቴ ከቦርሳዋ ጧፍ አወጣች፣ ከቤት ይዛ እንደመጣች አላወቅንም ነበር። አንድ ጠባቂ መጥቶ በትሕትና «የማን ዘመድ ናችሁ?» አላት።

«የጓደኛው» አለችው።

እሱም አልጠየቀም፣ መንገዱን አሳየን።

——

የቃኘው ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2፡05

በሚቀጥለው ስትሄዱ ጥሩኝ።

——

እናት ነኝ
እሑድ፣ ማታ 2፡40

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። እንጦጦስ?

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2፡52

እትዬ፣ ነገ ጠዋት ነን። ባለምርኩዙ ከወዲሁ ባርኔጣ ገዝተዋል።

——

ፎቶ የታለ
እሑድ፣ ማታ 3፡00

ፎቶ የታለ?

——

የሰባ ደረጃ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 3፡04

ሥላሴ አላነሳሁም። የደረጃዋን አንበሳ ልላክልህ?